በስፌት ክፍልህ ትንፋሽ የሚያዳምጡት ልጆች

ይድረስ ለገመቹ፣ ለእኔው ገሜ፣ ለሌሊሴና ለቶሎሳ አባት፤

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ጥያቄ ይቀድማል፤ አንተን ግን ስለ ጤናህ ብጠይቅህ እዚያው ሆነህ ትስቅብኛለህ። ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሦስተኛው ደጃችን ላይ ቆሟል፤ ሁሉቃ ወንዝም መደፍረስ ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያማርራል። አንድ መንጋጋዬን አስነቅያለሁ። ጣሪያው ያው እዚያው ቦታ ላይ ያፈሳል፤ «ዘንድሮ እጠግነዋለሁ» ስትለው የኖርከው ቦታ። ከሥሩ ያለው ባልዲ ግን አዲስ ነው፤ እንኳን ደስ አለህ።

እንደምታውቀኝ ወሬ መቋጨት አልችልበትም። ትምህርቴም ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፈኝ። ዛሬ የያዝኩልህ ወሬ ግን አንድ ነው፤ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬዬን ከአንተ ሌላ ማን ይሰማኛል? አንተ መርፌ በከንፈርህ ይዘህ «እህ፣ እህ» እያልክ ታዳምጠኝ ነበር። ሳታዳምጠኝም «እህ» ትል ነበር፤ አውቅብህ ነበር። «ወርቄ፣ አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ትለኝ ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ወንጪ የወሰድከኝን ታስታውሳለህ? ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጀልባዋን አየኋት፤ ባለጀልባውን አየሁት፤ ሁለቱንም አላመንኳቸውም። ጎትተህ አስገባኸኝ። ማዶ እስክንደርስ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። አንተ «ሱታ፣ ሱታ» እያልክ፣ ቀስ በይ እያልክ፣ «ትንፋሽሽን ብትይዢው ጀልባው አይቀልም» ብለህ ባለጀልባውን አሳቅኸው። እኔ እስካሁን ያው ነኝ።

አሁን ወደ ልጃችን ልግባ። ሌሊሴ ጊንጪ ተመድባ ማስተማር ስትጀምር አይተሃል፤ የመጀመሪያ ቀን የለበሰችውን ሰማያዊ ጉርድ የሰፋህላት አንተ ነህ። ቶሎሳ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ግን አንተ ካረፍክ በኋላ ነው። ተጠራ፣ ሄደ። ከማሠልጠኛው አንዴ ጻፈልን፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። የምንጠይቀው ሰው ሁሉ «መጥፎ ነገር ቢኖር ይነገራችሁ ነበር» ይለናል። ይህቺን ቃል ሌሊሴ በልቧ ያዘቻት። የሷ ትምህርት ቤት ደግሞ አስፋልቱ ዳር ነው። ወታደር የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር የክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ እሷም አብራ። መኪናው ከቆመማ በቃ፤ ሊነግሯት የመጡ ይመስላታል። ልቧ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጠመኔው ከእጇ ይወድቃል። አንድ ቀን ልጆቹን ማባዛት እያስተማረች ጥላቸው ሮጠች፤ ደርሳ ስታየው መኪናው ሽንኩርት የጫነ ነው። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ጥቂት ጊዜ አርፈሽ ተመለሺ፤ ካልሆነልሽ ግን በቦታሽ ሌላ ሰው እንጠይቃለን» ብሎ ላካት።

መጣችልህ። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ እንጀራ ጠቅልላ ይዛ ሳትጎርስ የምትቀር፣ በር ሲንኳኳ ከወንበሯ የምትዘል ልጅ ሆና መጣች። አንተን ሸኝቻለሁ። ቶሎሳ የት እንዳለ አላውቅም። ዓይኔ ሥር የቀረችው እሷ ናት፤ እሷም ዓይኔ ሥር እያለች እያለቀች ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኳት። እዚያ ሲስተር ሮማን የምትባል አለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ህንድ አገር የተማረች፣ ጫማዋ ስትራመድ የማይሰማ። እኔ ስትመጣ የማልሰማትን ሰው አላምንም። የሌሊሴን ደረት አዳመጠች፣ የደም ግፊቷን ለካች፤ እሺ፣ አሁን መድኃኒት ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ «እንዳንቺ ጭንቀት የጠናባቸውን ወጣት ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አሠለጥናለሁ፤ ነይ» አለቻት። ምንድን ነው የሚሠለጥኑት አልኩ። «ልብ ማለትን ነው እማማ። ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ልብ ይላሉ» አለችኝ። «ገሜ ይሙት!» ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ከዚህ ወዲያ ስንቴ ትሞትልኛለህ። እኔ ሥልጠና ሲባል የማውቀው ጠመንጃ ተይዞ ነው። ቁጭ ብሎ መተንፈስንማ ሕፃንም ሳይሠለጥን ያውቀዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፖለቲካ ነው። በዚህ ጊዜ ወጣት ሴቶች በር ዘግተው ሲሰበሰቡ ሌላ ምን ይጠረጠራል? ቀጥሎ ጴንጤ ናት አልኩ፤ ግን አይዘምሩም። ቀጥሎ ደግሞ ከህንድ ምን ይዛ እንደመጣች ማን ያውቃል አልኩ። ይባስ ብሎ ክሊኒኩ ክፍል ጠበበውና ሌሊሴ «የአባዬ ክፍል ይሁንልን» አለችኝ። ያንተ የስፌት ክፍል! ካረፍክ ወዲህ የስፌት መኪናህን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ መቀስህን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ቆልፌዋለሁ። አይሆንም አልኩ። ልጅቷ አልለመነችኝም። እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው፤ ሲንቀጠቀጡ እንዳላይባት ነው። ተነስቼ ቁልፉን ሰጠኋት።

አምስት ሆነው መጡ፣ ከሌሊሴ ጋር ስድስት። አንዷ ፖስታ ቤት ትሠራለች፣ አንዷ የግብርና ተማሪ ናት፣ አንዷ ባሏ የጠፋባት ነፍሰ ጡር ናት፤ የቀሩትን አላውቃቸውም። ደንበኞችህ ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። በርጩማህ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠበትም፤ እሱን አይቻለሁ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። አንተው ከባንክ ቤት መጋረጃ በተረፈ ጨርቅ የሰፋኸው ነው፤ ጠርዙ ላይ የሳሳበት ቦታ አለ፣ ዓይን ያሳልፋል።

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አወጣችና ጠረጴዛህ መሃል አቆመችው። ቆርኪውን ስትከፍተው ጢሽ አለ። ወዲያው ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አረፋው ሽሽሽ ይላል፣ እነሱ ዝም። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ጆሯቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። «ሐሳብ ይዟችሁ ሲሄድ አትጣሉት፤ ወደ ጠርሙሱ ተመለሱ፣ ከዚያ ወደ ትንፋሻችሁ» ትላለች፣ ለስለስ አድርጋ። መጨረሻ ላይ ውሃውን ተራ በተራ ተጎነጩት። እስቲ አንተው ፍረድ! የአምቦ ሰዎች ነን። ሆዳችን ሲነፋ ይህንኑ ውሃ ጠጥተናል፣ ሥጋ በልተን ጠጥተናል፣ ለእንግዳ አቅርበናል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠው ግን ማን አለ? ሴቶች ጠርሙስ ከበው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እኔ የሚመጣብኝ አንድ ነገር ነው፤ ስሙንም በቤታችን አልጠራውም።

ደግሞ ትንፋሽ! ትንፋሹ የሚደመጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። የመጨረሻዎቹን ወራት በዚያው ክፍል ስትተኛ እኔ ከዚሁ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነበር የማዳምጥህ። ድንች እየላጥኩ፣ ወጥ እያማሰልኩ ጆሮዬ አንተ ጋ ነበር። ስትስበው እስበዋለሁ፣ ሲይዝህ ይይዘኛል። አንድ ቀን ከሰዓት አንተ አቆምክ፣ እኔ ቀጠልኩ። ታዲያ ይህቺ ሴት መጥታ በዚያው ክፍል ውስጥ ልጄን «ትንፋሽሽን አዳምጪ» ስትላት እንዴት ደስ ይበለኝ? ትንፋሽ ከተደመጠበት ክፍል የወጣ ሰው እንዴት እንደወጣ አይቻለሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ጓድ አስካለም ሳትሰማ አልቀረችም። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያቺ ካኪ ኮቷን ስትሰፋላት «ትከሻው ጠበበኝ» እያለች ደጋግማ ያስፈታችህ። በር ላይ ቆማ «ወይዘሮ ወርቄ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤትሽ የሚሰበሰቡት ምን ያወራሉ?» አለችኝ። አያወሩም አልኳት፤ እውነቴን ነው። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» ይተነፍሳሉ። የምቀልድባት መስሏት ዓይኗን አጠበበችብኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ቁልፍ መትከል እየተማሩ እኮ ነው ጓድ፤ ሲደክማቸው ትንሽ ይተነፍሳሉ» ብዬ ሸኘኋት። ለምን እንደዋሸሁላቸው አትጠይቀኝ። በአንተ ቤት የምጠረጥር እኔ ነኝ፤ እኔ እበቃለሁ፣ ሌላ ሰው አልጨምርበትም።

ሳምንታት ሄዱ። ይኸውልህ፣ ልጅቷ ሻል አላት። የጠቀለለችውን መጉረስ ጀመረች። አንድ ቀን ጠጉርሽን ልሥራልሽ ብላት እሺ አለችኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ። ቁጭ ብሎ ዝም በማለት የዳነ ሰው አላየሁም። ያሻላት ሌላ ነገር ቢሆንስ? ዛሬ አሽሎ ነገ ቢጠይቀንስ? እንዲህ እያልኩ ስብሰለሰል ቆየሁና ልለየው ቆረጥኩ።

ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ጠርሙሱን የምትገዛው ሌሊሴ ናት፤ ጠዋት ገዝታ ጓዳ ታስቀምጠዋለች። እኔ ከማርያም ጠበል ይዤ መጣሁ። ቆርኪውን በመቀስህ እጀታ ከፈትኩት፤ እንዳንተ ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ፣ ሳላጣምመው። እንግዳ ፊት እንዲህ እየከፈትክ ትኮራ አልነበር! ውሃውን መድፋት አሳዘነኝና ጠጣሁት፤ እስኪመጡ ድረስ ሲያስገሳኝ ነበር። ጠበሉን ሞላሁበት፣ ቆርኪውን መልሼ በካውያህ ጠርዝ ገጭ ገጭ አደረግኩት። ማንም አይለየውም። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ክፉ ነገር ካለባቸው ጠበሉ ሲነካው ይጮሃል፣ እንሰማዋለን። ከሌለባቸውም ጠበል ጠጡ፣ ምን ይጎዳቸዋል?

መጡ፣ ተቀመጡ። ሲስተር ሮማን ቆርኪውን አነሳችው። ጢሽ የለም። ሽሽሽ የለም። ጠርሙሱ ዱዳ ሆነ። ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠው ጠርሙሱን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። «ዛሬ ጠርሙሱ ዝም ብሏል። እንግዲህ ያለውን ነገር አዳምጡ» አለች። መልሰው ጨፈኑ። የጋሪ ፈረስ ኮቴ አለፈ። የጎረቤት ዶሮ ተንጫጫች። ከዚያ መኪና መጣ።

የወታደር መኪና ድምፁ ከሌላው ይለያል፤ እኛ ቤት ሳናየው እናውቀዋለን። ማርሽ ሲቀንስ ሰማሁ። ፍሬኑ ጮኸ። በራችን ላይ ቆመ። በመጋረጃው አጮልቄ ሌሊሴን አየኋት፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተጭናቸዋለች። አሁን ትሮጣለች አልኩ። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። የቡትስ ጫማ ደረጃችንን ወጣ። በሩ ተንኳኳ።

ገሜ፣ በቃ፣ የቶሎሳ ነው አልኩ። አንተ በሌለህበት፣ በአንተው ክፍል ሊነግሩን መጡ አልኩ። ሲስተር ሮማን ልትነሳ ስትል ሌሊሴ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ራሷ ተነሳችና ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ጢም እንኳን በቅጡ ያላበቀለ፣ ቅንድቡ በአቧራ ነጭ የሆነ ልጅ እግር ወታደር ነው። ቆቡን አወለቀ። «አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋላችሁ እህቶቼ» አለ። «በመስኮቱ ጠርሙስ አይቼ ነው፤ አትቀየሙኝ። አምቦ ደርሶ አምቦ ውሃ ሳይጠጡ ማለፍ ነውር ነው ብለን፣ ጓዶቼ እኔን ላኩኝ።» ለዚህ ነው እንግዲህ ልቤ የቆመው! ሌሊሴ ጠርሙሱን አንስታ ሰጠችው። አንጋጦ ጠጣ። ቆም አለ። ጠርሙሱን ፊቱ ላይ አገላበጠው። «ይሄ ምን ሆኗል? ጋዙ የት ሄደ? ሞቷል እኮ!» አለ። እኔ መደበቄን ረስቼ ከመጋረጃው ጀርባ «ጠበል ነው ልጄ! የማርያም ጠበል ነው፣ አማትበህ ጠጣው!» ብዬ ጮህኩ።

ከጠበሉ የተነሳ በዚያ ክፍል የጮኸች እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሌሊሴ ናት። አንተ እያለህ እንደምትስቀው፣ ወገቧን ይዛ። ነፍሰ ጡሯም «ወይኔ ሆዴን!» እያለች፣ አግዳሚው እስኪነቃነቅ ሳቁብኝ። ልጁ ነገሩ ባይገባውም አማተበ፣ ግማሹን ጠጣ፣ «የቀረውን ለነሱ» ብሎ ይዞት ሄደ። እስከ መኪናው ተከተልኩት። ቶሎሳ ገመቹ የሚባል ታውቃለህ ወይ አልኩት። አያውቀውም። ግን ስሙን እንደገና ንገሩኝ አለና ለራሱ ደጋገመው፣ እንዳይጠፋው። ለክፉ መንፈስ ያጠመድኩት ጠበል በማላውቃቸው እናቶች ልጆች ጉሮሮ ወረደ። ቶሎሳም ካለበት በር ቢያንኳኳ፣ እንደኔ ተጠራጣሪም ብትሆን፣ የምታጠጣው ሴት አይጣ።

ስመለስ ሲስተር ሮማን አልተቆጣችኝም፤ ይሄም ራሱ ያጠራጥራል። ልጆቹን ምን እንደሰሙ እየጠየቀቻቸው ነበር። አንዷ የፈረሱን ኮቴ አለች። አንዷ የገዛ ሆዷ ሲጮህ። ሌሊሴ ደግሞ «መኪናውን ሰማሁት» አለች። «ከዚያ እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ስትተነፍስ ሰማኋት። መኪናው ሲቆም የሷም ትንፋሽ ቆመ። እስኪመለስላት እየጠበቅኳት ነበር፤ ሲመለስ ተነስቼ ከፈትኩ።»

እዚያው አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የሰው ትንፋሽ የማዳምጥ እኔ ነበርኩ። የእኔን የሚያዳምጥ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲስተር ሮማን «እማማ፣ ሐሙስ ይምጡ፤ ግን ከመጋረጃው ወዲህ» አለችኝ። ይሄ ለወጣቶች ነው አላልሽም ወይ አልኳት። «እርስዎ ደግሞ ጭንቀትዎ ገና ወጣት ነው» ብላ አሳቀችብኝ። ምላሷ እንደ ጫማዋ አይደለም፣ ይሰማል።

ሌሊሴ ጊንጪ ተመልሳለች። ባለፈው ቅዳሜ መጥታ እንደነገረችኝ መኪና ሲቆም ልቧ አሁንም ይደልቃል፤ ጠመኔው ግን እጇ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ማባዛቱን ጨርሰው ማካፈል ጀምረዋል። ከቶሎሳ ወሬ የለም። እኔም ሐሙስ ሐሙስ በርጩማህ ላይ እቀመጣለሁ። እንዳትሳሳት፣ ልቆጣጠራቸው ነው። ዓይኔን ግማሽ ብቻ ነው የምጨፍነው። ጠርሙሱን የምገዛው እኔው ነኝ፣ ቆርኪውን አገላብጬ አይቼ። ሴትዮዋን ገና አላመንኳትም፤ ግን ስትዘገይ በሩን አየዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የአረፋው ድምፅ ሲጠፋ እንደ ሁልጊዜው ያንተ የመጨረሻው ትንፋሽ መጣብኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ አንተን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር፤ የሚያጥረው፣ የሚያፏጨው። ክፍሉንም የቆለፍኩት ከሱ ሸሽቼ ነው። ያን ዕለት ግን አልተነሳሁም። ከሱ ኋላ ሌላ መጣ። ጨርቅ ቆርጠህ ስትጨርስ የጠመኔውን አቧራ እፍ የምትለው ትንፋሽህ። ሆን ብለህ ወደ እኔ ነበር የምታበነው፤ ቀሚሴ ነጭ ይሆናል፣ «አንተ ሰውዬ!» እላለሁ፣ ትስቃለህ። ዕድሜ ልክ እፍ ያልክብኝን ትቼ የአንድ ከሰዓቱን ብቻ ይዤ ቀርቼ ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው። ሳስብህ እፍ በምትልበት ትንፋሽህ አስብሃለሁ። ነጠላዬን ከስፌት መኪናህ ላይ አንስቻለሁ፤ በሩም አይቆለፍም። ጠመኔህ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ሐሙስ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት አቧራውን እኔው እፍ እለዋለሁ፣ ወደ በርጩማህ በኩል።

ጥላዋን መታወቂያ የምትጠይቀው
ወርቄህ፣ ከአምቦ